በማንኪያ የሚበላ ውስኪ

ውስኪ ይጠጣል እንጂ ይበላል ሲባል ሰምተው የማያውቁ አንባቢ ቢኖሩ አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ በአሜሪካ አገር፥ በተለይም ኬንታኪ በምትባለው ግዛትና በአካባቢዋ፥ የቀኑ ሙቀት ሲበረታ ውስኪውን ከብርቱካን፥ ከሎሚ፥ ከሻይና ከስኳር ጋር ቀላቅለው ወደ ማቀዝቀዣ ያስገቡታል። በማግሥቱም እንደ ደቀቀ በረዶ ሆኖ ሲያገኙት በማንኪያ እየዛቁ በብርጭቆ ያቀርቡታል። ስሙ «ቦርበን ስላሽ» ነው። «ቦርበን» የውስኪው ዐይነት ነው፤ «ስላሽ» የሚባለውም ጨርሶ ያልረጋ፥ ጨርሶም ያልቀለጠ፥ በውሃና በበረዶ መካከል ያለ ነገር ነው።

ይህን መጠጥ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ያሰብንበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፥ ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ የቡና ቤት አሳላፊ ሙያም አይጠይቅም። ሁለተኛ፥ በትምህርት ቤት ስለ ውሃ መርጋትና ስለ አልኮል የተማርነው ነገር በአንድ ሳሕን ውስጥ ሲሠራ ይታይበታል። ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት ግን መጠጡ ሰውን የሚያታልል መሆኑ ነው። ቅዝቃዜውና ጣፋጭነቱ የውስኪውን ኃይል ይሸፍኑታል፤ ጭማቂ የጠጣ የመሰለው እንግዳ ከወንበሩ ሲነሣ ጉልበቱ ሊከዳው ይችላል። ስለዚህ መጠኑን ሳያውቁ ለሰው ከማቅረብ ጨርሶ አለማቅረብ ይሻላል።

በጋው የማን ነው?

አሜሪካኖች «ሰመር» የሚሉት ወቅት በእኛ ወር ሲቈጠር ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ነው። በእኛ አገር ደጋ በእነዚህ ወራት ሰማዩ ይጠቁራል፥ ዝናቡ ይወርዳል፥ ሰውም ጋቢውን ተከናንቦ እሳት ዳር መቀመጥ ያምረዋል። ስለዚህ አንዱ ተርጓሚ «ሰመር»ን «በጋ» ሲለው ሌላው «ክረምት» ይለዋል። ሁለቱም በየበኩላቸው እውነት አላቸው፤ አንዱ የያዘው የአየሩን ጠባይ ነው፥ ሌላው ወሩን።

በኬንታኪ ትልቁ ከተማ በሉዊቪል በሐምሌ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው። ከዚያም በላይ አየሩ እርጥበት ስላለው ላብ አይደርቅም፤ ሰው ጥላ ሥር ቢቀመጥም አይቀለውም። በዋሽንግተን የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህን ዐይነት ሙቀት በሚገባ ያውቁታል። በአዲስ አበባ ላሉ አንባቢዎች ግን ለእንዲህ ያለ መጠጥ የሚስማማው ፀሐይ የሚበረታበት የመጋቢትና የሚያዝያ ወር ነው። ይህ ወቅት ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገናኝ፥ ጾመኛ የሆነ ሰው እስከ ፋሲካ ማግሥት ቢያቈየው መጠጡ አይከፋውም። በድሬዳዋ ወይም በሌላ ቈላ አገር በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ ወጣቶች ደግሞ የወር ምርጫ አያስፈልጋቸውም።

በረዶ ከሐይቅ ሲቈረጥ

ዛሬ በረዶ ከማቀዝቀዣ ሲወጣ እናየዋለን እንጂ አንድ ጊዜ ከሰሜን አገር ሐይቅ እንደ ድንጋይ እየተጠረበ የሚሸጥ ንግድ ነበር። ፍሬደሪክ ቱዶር የሚባል የቦስተን ነጋዴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1806 ዓ.ም. የሐይቅ በረዶ በመርከብ ጭኖ ማርቲኒክ ወደምትባለው ሞቃት ደሴት ላከ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በረዶው እንዳይቀልጥ ሲታገል ቈይቶ በ1833 እስከ ሕንድ፥ እስከ ካልካታ ድረስ ለመላክ በቃ። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ለሚኖሩት ሰዎች ውስኪን በበረዶ አቀዝቅዞ መጠጣት የተቻላቸው እንዲህ ያለው ንግድ ከተስፋፋ በኋላ ነው። በ1843 ደግሞ ናንሲ ጆንሰን የተባለች የፊላደልፊያ ሴት በእጅ የሚዞር የአይስ ክሬም መሥሪያ ፈልስፋ የባለቤትነት መብት አገኘች። የዚህ መሣሪያ ምስጢር በረዶና ጨው ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የመጠጡ ዘር ግን ከበረዶው ንግድ ይበልጣል። በ17ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ መርከበኞችና ነጋዴዎች «ፓንች» የሚባል መጠጥ ከወደ ሕንድ ይዘው መጡ። ብዙዎች እንደሚሉት ስሙ በሕንዶች ቋንቋ «አምስት» ማለት ነው፤ አምስቱም ጠንካራ መጠጥ፥ ሎሚ፥ ስኳር፥ ውሃ፥ እንዲሁም ሻይ ወይም ቅመም ናቸው። እንግዲህ በአንድ የውስኪ መጠጥ ውስጥ ሻይ ምን ይሠራል ብለው ቢጠይቁ መልሱ ይኸው ነው። ቦርበን ስላሽ ማለት በረዶ የሆነ ፓንች ነው። ጄሪ ቶማስ የተባለው የታወቀ የአሜሪካ መጠጥ ቀማሚ በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥም የፓንች ዐይነቶች ብዙ ገጽ ይዘዋል።

ሦስተኛው ወላጅ የብርቱካን ጭማቂ ነው። በ1940ዎቹ ዓመታት በፍሎሪዳ ማክዳውል፥ ሙርና አትኪንስ የሚባሉ ሦስት ተመራማሪዎች የብርቱካን ጭማቂን አየር በተቀነሰበት ዕቃ ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት ውሃውን አትንነው ካወፈሩት በኋላ፥ ጥቂት ትኩስ ጭማቂ መልሰው ጨምረው በረዶ የሚያደርጉበትን ዘዴ አገኙ። መልሰው ትኩስ ጭማቂ መጨመራቸው ዋናው ብልሃት ነው፤ ሲተን የጠፋው የብርቱካን ጣዕምና መዓዛ የተመለሰው በእርሱ ነውና። የባለቤትነት መብቱ በ1948 ተሰጠ። ከዚያ በኋላ አሜሪካዊቷ የቤት እመቤት በቈርቆሮ የታሸገ ወፍራም የብርቱካንና የሎሚ በረዶ ከመደብር እየገዛች ማቀዝቀዣዋን ሞላች። ቈርቆሮውን ከፍቶ ከሻይና ከውስኪ ጋር መቀላቀል ደግሞ የአንድ እርምጃ ነገር ሆነ። የቤተ ክርስቲያን ማኅበርና የሠፈር ሴቶች በሚያሳትሟቸው የወጥ መጻሕፍት ውስጥ ስላሽን ማግኘት የተለመደ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ ከቤት አልፎ ወደ ንግድ ቤትም ገባ። በዳላስ ከተማ ምግብ ቤት የነበረው ማርያኖ ማርቲኔዝ በ1971 ዓ.ም. አይስ ክሬም የሚቀዳበትን መኪና አሻሽሎ በረዶ የሆነ ኮክቴል እንዲቀዳበት አደረገ። ያ የመጀመሪያው መኪና ዛሬ በዋሽንግተን በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም ይገኛል።

ስለ ውስኪው ጥቂት ቃል

ቦርበን ለመባል ሕግ አለው። የሚጠመቅበት እህል ከ100 እጅ ቢያንስ 51 እጅ በቈሎ መሆን አለበት። የሚቀመጥበትም ዕቃ ውስጡ በእሳት የጠቈረ፥ ከዚያ በፊት ምንም ያልነበረበት፥ ባሉጥ ከሚባለው እንጨት የተሠራ አዲስ በርሜል ነው። በጠርሙስ ሲታሸግ የአልኮሉ መጠን ከ100 እጅ ከ40 እጅ እንዳያንስ ተወስኗል። የአሜሪካ ምክር ቤትም በ1964 ዓ.ም. ቦርበን የአሜሪካ ብቻ የሆነ መጠጥ ነው ሲል ውሳኔ አሳልፏል።

በቈሎው ለመጠጡ ለስላሳ ጣፋጭነት ይሰጠዋል፤ የተለበለበው በርሜል ደግሞ የቫኒላና የተቃጠለ ስኳር መዓዛ ያወርሰዋል። ከብርቱካን ጋር የሚስማማው በዚህ ነው። ቦርበን ባይገኝ ሌላ መካከለኛ ውስኪ ይሠራል፤ ጢስ ጢስ የሚሸተው የስኮትላንድ ውስኪ ግን ከብርቱካኑ ጋር ይጣላል። ዋጋው የከበረ ውስኪ እዚህ ላይ ማፍሰስ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ምክንያቱም ቅዝቃዜ መዓዛን ያደነዝዛል።

በጠርሙሱ ላይ «ፕሩፍ» የሚል ቃልና ቁጥር ቢያዩ ቁጥሩን ለሁለት ይክፈሉት፤ 80 ፕሩፍ የተባለው የአሜሪካ ውስኪ ከ100 እጅ 40 እጅ አልኮል አለው ማለት ነው። በቤት የወጣ አረቄ በውስኪው ፈንታ ለማግባት የሚያስብ ቢኖር ግን አይመከርም። ጥንካሬው ከቤት ቤት፥ ከድስት ድስት ይለያያል፤ መጠኑ ያልታወቀ መጠጥ ደግሞ ቅዝቃዜና ስኳር በሚሸፍነው ነገር ውስጥ መግባት የለበትም።

ለምን እንደ ድንጋይ አይረጋም?

ውሃ የሚረጋው በ0 ዲግሪ ነው። ንጹሕ አልኮል ግን ከዜሮ በታች 114 ዲግሪ ካልደረሰ አይረጋም። ከ100 እጅ 40 እጅ አልኮል ያለው ውስኪ ከዜሮ በታች ወደ 27 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል። የቤት ማቀዝቀዣ የበረዶው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው። እንግዲህ የውስኪ ጠርሙስ በዚያ ክፍል ውስጥ ቢያድር ይወፍር ይሆናል እንጂ አይረጋም።

ውስኪው በጭማቂና በሻይ ሲቀጥን ነገሩ ይለወጣል። ማቀዝቀዣው መጀመሪያ ከድብልቁ ውስጥ ውሃውን እየለየ ጥቃቅን የበረዶ ፍሬ ያደርገዋል። አልኮሉና ስኳሩ ወደ በረዶው ፍሬ አይገቡም፤ በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ይከማቻሉ። ፈሳሹ በአልኮልና በስኳር እየበረታ በሄደ መጠን የሚረጋበት ዲግሪ እየወረደ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ማቀዝቀዣው ሊያረጋው የማይችልበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። ሳሕኑ ውስጥ የሚቀረው እልፍ የበረዶ ፍሬና በመካከላቸው ያልረጋ ጠንካራ ፈሳሽ ነው። ማንኪያ በቀላሉ የሚገባበት ስለዚህ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ውስኪው ከመጠን በላይ ቢበዛ ድብልቁ ሳይረጋ እንደ ሾርባ ይቀራል፤ ውስኪም ስኳርም ቢያንሱበት በቢላዋ የማይነካ ድንጋይ ይሆናል። ስኳሩ ለጣዕም ብቻ የገባ አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ምላስ በቅዝቃዜ ጊዜ ጣፋጭነትን አሳንሶ ይቀምሳል፤ ስለዚህ ድብልቁ ሳይበርድ ሲቀምሱት ትንሽ የጣፈጠ መስሎ ቢታይዎ አይደንግጡ፥ ሲረጋ ልክ ይሆናል።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ይህ ልክ ለ16 ብርጭቆ ይበቃል።

ውሃ፥ 800 ሚሊ ሊትር ለስኳሩ፥ 500 ሚሊ ሊትር ለሻዩ
ስኳር፥ 250 ግራም
ሻይ ቅጠል፥ 4 የሻይ ማንኪያ
የብርቱካን ጭማቂ፥ 500 ሚሊ ሊትር (ከ7 እስከ 8 መካከለኛ ብርቱካን)
የሎሚ ጭማቂ፥ 200 ሚሊ ሊትር (ሎሚው እንደ አገራችን ትንሽ ከሆነ ከ10 እስከ 14)
ከ100 እጅ 40 እጅ አልኮል ያለው ውስኪ፥ 400 ሚሊ ሊትር
ለማቅረቢያ፥ አምቦ ውሃ ወይም የዝንጅብል ወይም የሎሚ ለስላሳ መጠጥ

መስፈሪያ በቤትዎ ባይኖር የተለመደው የቢራ ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ ያስታውሱ። ውስኪውን ግን በግምት አይቅዱ።

አሠራሩ

1. ውሃውን ሁሉ በሚገባ ያፍሉት። ይህን ትእዛዝ በችኰላ አይለፉት። በረዶ ተሕዋስያንን ይገድላል ብለው የሚያምኑ ብዙ ሰዎች አሉ፤ እውነቱ ግን ብዙዎቹ በቅዝቃዜ ተኝተው ይቈዩና ሲቀልጥ ይነቃሉ። በዚህ መጠጥ ውስጥ ያለውም አልኮል ያልተፈላ ውሃ ለማጽዳት አይበቃም።

2. ከፈላው ውሃ በ500 ሚሊ ሊትሩ ሻይ ቅጠሉን ዘፍዝፈው 5 ደቂቃ ያህል ከድነው ያስቀምጡት፤ ከዚያም ያጥልሉት። እሳት ላይ ትተው ቢያንተከትኩት ምላስ የሚያጨማድድ ምሬት ያወጣል። ሻዩ ሲቀዘቅዝ ቢደፈርስ የተበላሸ አይምሰልዎ፤ የጠንካራ ሻይ ጠባይ ነው።

3. በቀረው 800 ሚሊ ሊትር ትኩስ ውሃ ስኳሩን ያሟሙት። አንድም ፍሬ ሳይቀር እስኪሟሟ ያማስሉ።

4. ብርቱካኑንና ሎሚውን ከመጭመቅዎ በፊት በደንብ ይጠቡ፤ በእጅዎ መዳፍ ጠረጴዛ ላይ ጫን አድርገው ቢያሽከረክሯቸው ጭማቂያቸው ይበዛል። ልጣጩ ሥር ያለው ነጩ ክፍል መራራ ስለሆነ አጥብቀው አይጭመቁ። ፍሬውን በወንፊት ያጥልሉት።

5. ሻዩና የስኳሩ ውሃ ጨርሶ እስኪቀዘቅዙ ይጠብቁ። ከዚያ ጭማቂውን፥ በመጨረሻም ውስኪውን ይጨምሩ። ውስኪ በተቃጠለ ምድጃ አጠገብ አይፈስስም፤ ትነቱ እሳት ይስባል።

6. ድብልቁን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ወይም የብረት ዕቃ ውስጥ ይገልብጡት፤ እስከ አፉ ግን አይሙሉት። ውሃ በረዶ ሲሆን ከ100 እጅ ወደ 9 እጅ ያህል ያብጣል። በመስታወት ጠርሙስ ሞልተው ቢያስቀምጡት ሌሊት ይፈነዳል፤ ስባሪው ከበረዶው ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ለይቶ ማውጣት አይቻልም።

7. ከ4 ሰዓት በኋላ አውጥተው በሹካ ጠርዙን ወደ መካከል እየፋቁ ያማስሉት፤ ከዚያም በየ2 ሰዓቱ ሁለት ጊዜ ይድገሙ። ይህን ካደረጉ የበረዶው ፍሬ ደቃቅ ይሆናል። ከዚያ ያድር።

8. ለማቅረብ ሲፈልጉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አስቀድመው ያውጡት። ከታች እስከ ላይ አንድ ጊዜ አማስለው፥ በማንኪያ እየዛቁ ብርጭቆውን እስከ ሁለት ሦስተኛው ይሙሉት፤ ከላይ አምቦ ውሃ ወይም ለስላሳ መጠጥ ያፍስሱበት። የብርቱካን ቁራጭ በብርጭቆው አፍ ላይ ቢሰኩበት ያምራል።

ማቀዝቀዣ ለሌለው

በአንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ወይም ጀማሪ ጸሐፊ ማቀዝቀዣ ላይኖረው ይችላል። የናንሲ ጆንሰን ብልሃት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በረዶ ከሚሸጥበት ቦታ ተገዝቶ ይምጣ። በረዶውን ደቅቀው በሰፊ ባልዲ ውስጥ ያድርጉት፤ ለሦስት እጅ በረዶ አንድ እጅ ጨው እየነሰነሱ በንብርብር ይሙሉት። ድብልቁን ክዳኑ በጠበቀ የብረት ዕቃ አድርገው በመካከል ይቅበሩት። ጨው በረዶውን ያቀልጠዋል፤ በረዶም ለመቅለጥ ሙቀት ስለሚያስፈልገው ሙቀቱን ከብረቱ ዕቃ ይስባል። በዚህ ዘዴ የባልዲው ቅዝቃዜ ቢበዛ ከዜሮ በታች እስከ 21 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል።

ዕቃውን ያለማቋረጥ ያዙሩት፤ በየ5 ደቂቃው ከፍተው ጠርዙን ይፋቁ። ለአንድ ጊዜ ከግማሹ ልክ በላይ አይሥሩ። ሁለት ጥንቃቄ አለ፤ አንደኛ የጨው ውሃው ወደ መጠጡ እንዳይገባ፥ ሁለተኛ ጨው የነካው በረዶ ራቁት እጅን ስለሚያቃጥል በጨርቅ መያዝ።

ሒሳቡን ይወቁ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። 400 ሚሊ ሊትር ውስኪ ለ16 ብርጭቆ ሲካፈል ለአንዱ 25 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። ከዚህ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትሩ ንጹሕ አልኮል ነው። ከ100 እጅ 5 እጅ አልኮል ያለው ባለ 330 ሚሊ ሊትር የቢራ ጠርሙስ 16 ሚሊ ሊትር ተኩል ንጹሕ አልኮል አለው። እንግዲህ ሁለት ብርጭቆ ስላሽ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ይበልጣል፤ ሦስት ብርጭቆ ደግሞ ወደ ሁለት ጠርሙስ ይጠጋል። በዚህ ልክ ሲሠራ መጠጡ መካከለኛ ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ሰው ደግ መስሎ ለመታየት ሙሉውን ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ቢገለብጥበትስ? ያን ጊዜ ድብልቁ 18 ብርጭቆ ያህል ይሆናል፤ እያንዳንዱም ብርጭቆ እንደ አንድ ጠርሙስ ቢራ አልኮል ይይዛል። ጣዕሙ ግን ብዙም አይለወጥም። ቢራ ሆድ ይሞላል፤ ንጹሕ ውስኪ ጕሮሮ ያቃጥላል፤ ሁለቱም ጠጪውን ቀስ በል ይሉታል። ስላሽ ግን ይህን ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ በሙቀት የተጠማ ሰው በሩብ ሰዓት ሦስት ብርጭቆ ሊጨርስ ይችላል።

ሌላም የተሰወረ ነገር አለ። ከላይ እንዳልነው አልኮሉ የሚከማቸው ባልረጋው ፈሳሽ ውስጥ ነው። ዕቃው ሳይማሰል ቢቈይ ይህ ፈሳሽ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ከላይ የተቀዳለት እንግዳ ቀላሉን በረዶ ሲበላ፥ መጨረሻ ከታች የተቀዳለት እጅግ የበረታውን ይጠጣል። የጥንቱ የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ገበሬዎች ይህን ጠባይ ዐውቀው ይጠቀሙበት ነበር፤ ከአፕል የጠመቁትን መጠጥ በክረምት ውጭ አሳድረው፥ የረጋውን በረዶ እየጣሉ የቀረውን ጠንካራ ፈሳሽ ይጠጡት ነበር። «አፕልጃክ» ይሉታል። እርስዎ ግን ሳያስቡት አፕልጃክ እንዳይሠሩ፥ ከመቅዳትዎ በፊት ሁልጊዜ ከሥር ያማስሉ።

እንግዳን ስለማስተናገድ

በአገራችን እንግዳ «ይበቃኛል» ሲል «በሞቴ» ብሎ አንድ መጨመር የፍቅር ምልክት ነው። ልማዱ መልካም ነው፤ ለእንጀራ ይሁን፥ ለቡናም ይሁን። በዚህ መጠጥ ላይ ግን «በሞቴ» የሚለው ቃል ቦታ የለውም። ይህን ያህል የሚያጠግብ የማይመስል መጠጥ ሁለት ከጠጣ በኋላ ይበቃኛል ያለ እንግዳ ራሱን ያወቀ ሰው ነው፤ ማመስገን ነው እንጂ ማስገደድ አይገባም።

ጉበት አልኮልን የሚያጠፋው በራሱ እርምጃ ነው። ቡናም፥ ቀዝቃዛ ሻወርም፥ ንጹሕ አየርም አያፈጥኑትም፤ የሚሠራው ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት ይዞ የመጣ እንግዳ ካለ ምርጫው ከአልኮል ነጻ የሆነው ብርጭቆ ነው፤ የጠጣም ከሆነ ሌላ ሰው ያድርሰው ወይም ይደር። ባዶ ሆድ ላይ የሚጠጣ አልኮል ፈጥኖ ወደ ደም ይገባልና ብርጭቆው ከመቅረቡ በፊት ምግብ ይቅደም፤ ሳምቡሳ፥ ቆሎ፥ ኦቾሎኒ፥ ቢያምርዎ ጥብስ።

ከእንግዶችዎ መካከል በሃይማኖት ወይም በጤና ምክንያት አልኮል የማይጠጡ አይጠፉም። ነፍሰ ጡር የሆነች፥ መድኀኒት የምትወስድ እንግዳም ትኖር ይሆናል። ለእነዚህ ሁሉ ድብልቁን በመጀመሪያ ለሁለት መክፈልና አንዱን ያለ ውስኪ ማርጋት ቀላል ነው። ያለ ውስኪ የሆነው ይበልጥ ስለሚጠነክር በየሰዓቱ በሹካ ይፋቁት፤ ከማቅረብዎም በፊት ከሌላው ትንሽ ቀደም አድርገው ያውጡት። በሻዩ ፋንታ ቀረፋና ቅርንፉድ የፈላበት ውሃ ቢጨምሩበት መዓዛው ደስ ይላል። የተለየ ብርጭቆ ስለሚመስል ግን «የልጆች መጠጥ» ብለው አያቅርቡት፤ በተመሳሳይ ብርጭቆ፥ በተመሳሳይ የብርቱካን ቁራጭ ይቅረብ። ያልጠጣ ሰው ለምን እንዳልጠጣ በጉባኤ መካከል ማስረዳት የለበትም።

በመጨረሻ አንድ ትንሽ ሥራ ይቀራል። ሁለቱ ዕቃዎች በማቀዝቀዣው ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ በመልካቸው አይለዩም። ልጅ በሩን ከፍቶ ሲያየው የብርቱካን በረዶ ነው፤ በማንኪያ ቢቀምሰውም ይጣፍጠዋል። አልኮል ደግሞ ለትንሽ ሰውነት በትንሽ መጠንም አደገኛ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ላይ «ውስኪ አለበት» ብለው በጉልህ ይጻፉ፤ ልጅ ባለበት ቤት ከጽሑፉም በላይ እጅ የማይደርስበት ቦታ ይሻላል።

ከእንግዲህ የቀረው ሎሚውን መግዛት ነው። ሎሚ ሲመርጡ ቅርፊቱ ስስና ለስላሳ የሆነውን፥ በእጅ ሲይዙት ከመጠኑ ይልቅ ክብደት ያለውን ይውሰዱ፤ ጭማቂው ያለው በእርሱ ነው። ቅዳሜ ማታ ቀላቅለው ካሳደሩት እሑድ ከምሳ በኋላ ይደርሳል።